ባሕር ለሌለው አገር የመርከብ ፍተሻ ምኑ ነው?

1. ፍተሻው ዕቃውን ብቻ ያይ በነበረ ጊዜ

ከደባርቅ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወርደው፣ ዛሪማን አልፎ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ ማይ ፀብሪና ተከዜ የሚዘልቀው መንገድ ለዛሬ ተጓዥ የሽሬ መንገድ ነው። ለረጅም ዘመን ግን የባሕር መንገድ ነበር። የጎንደር ነጋዴ ሰሙን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ጭኖ በዚሁ አቅጣጫ ወደ አድዋ፣ ከዚያም ወደ ምፅዋ ይወርድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምፅዋ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር የገባውም ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የባሕሩ ሕግ ሁሉ የሚቆጠረው በዚያ ነውና።) ጣሊያንም ጎንደርን ከአስመራ ያገናኘበትን የመኪና መንገድ ያወረደው በዚሁ ገደል ነው።

በዚያ ሁሉ ዘመን ፍተሻ ብርቅ አልነበረም። በየበሩ ኬላ አለ። ኬላ ጠባቂው ጭነት አስፈትቶ ይቆጥራል፣ ቀረጥ ይቀበላል። ገበያውንና ቀረጡን የሚያስተዳድር ነጋድራስ አለ። ምፅዋ በር ላይ ደግሞ የአርቂቆው ናይብ የራሱን ድርሻ ሳይቆርጥ ማንንም አያሳልፍም። እነዚህ ሁሉ ዓይናቸውን የሚጥሉት ዕቃው ላይ ነበር። የበቅሎዋ ጀርባ ተገሽልጦ እንደሆነ፣ ጀልባዋ ውሃ ታስገባ እንደሆነ፣ ቀዛፊው ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ እንደሆነ መጠየቅ የማንም ሥራ አልነበረም። ነጋዴው ቢሰጥም የነጋዴው ዕዳ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ዓይን ከጭነቱ ወደ ጫኚው ከዞረ በኋላ ስለተወለደ ተቋም ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «የወደብ መንግሥት ቁጥጥር» ይሉታል። መርከብ ከየትም ትምጣ የማንንም ሰንደቅ ታውለብልብ፣ የቆመችበት ወደብ ባለቤት መንግሥት ወጥቶ ደህንነቷን የሚፈትሽበት፣ ባሕሩን የምትበክል ከሆነም አስሮ የሚያቆይበት ሥርዓት ነው።

2. ሰንደቅና ቦሎ

መርከብ ዜግነት አላት። የተመዘገበችበት አገር ሰንደቅ ዜግነቷ ነው፤ ሕጓም የዚያ አገር ሕግ ነው። ለብዙ ዘመን ደህንነቷን የማረጋገጥ ኃላፊነት የባለሰንደቁ አገር ብቻ ነበር። ከእሱ ጎን ገንዘባቸው የሚያሰጋቸው ኢንሹራንስ ሰጪዎች አሉ። በ1760 ለንደን ላይ የተመሠረተው የሎይድስ መዝገብ መርከቦችን እያየ ደረጃ ይሰጥ ጀመር፤ ዛሬም መርከብ መርማሪ ድርጅቶች የሚባሉት የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። በ1876 የብሪታንያ ፓርላማ መርከብ ከልክ በላይ እንዳትጫን በጎኗ የጭነት መስመር እንዲቀባ አስገደደ። በ1912 ታይታኒክ ሰጠመች፤ በ1914 በባሕር ላይ የሰው ነፍስ ስለመጠበቅ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ጉዳይ ድርጅትም በ1948 በጄኔቭ ስምምነት ታስቦ ከአሥር ዓመት በኋላ ጸናና ለንደን ላይ ተተከለ። ዛሬ የምናውቀው በአጭሩ አይኤምኦ በሚለው ስሙ ነው።

ሕጉ ሞልቶ ነበር። የጎደለው አስፈጻሚ ነው። ባለመርከቡ ግብር የሚቀንስለትንና ቁጥጥር የሚያላላለትን አገር መርጦ ሰንደቅ መከራየት ይችላል። የመርከቧ ባለቤት በአንድ አገር፣ ሰንደቋ በሌላ፣ መርከበኞቹ ከሦስተኛ ይሆናሉ። በማርች 1967 ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ድንጋይ የመታችው ነዳጅ ጫኝ ቶሪ ካንየን በትክክል እንደዚያ ነበረች። ገንዘቡ የአሜሪካ፣ ሰንደቁ የላይቤሪያ፣ መርከበኞቹ ጣሊያን። ወደ 119,000 ቶን ድፍድፍ ዘይት ባሕር ላይ ፈሰሰ። በማርች 1978 አሞኮ ካዲዝ የተባለችው ሌላ የላይቤሪያ ሰንደቅ መርከብ መሪዋ ተበላሽቶ ፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ ላይ ተሰበረች። ከ220,000 ቶን በላይ ዘይት የፈረንሳይን ዓሣ አጥማጅ ደጃፍ አለበሰ። የፈረንሳይ ዜጋ ሞንሮቪያ ሄዶ ማንን ይክሰስ?

ነገሩ ለአዲ አርቃይ ሰው እንዲህ ቢባል ቶሎ ይገባል፦ መኪና በዓመት አንዴ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። ቦሎው ግን ሊማሊሞ ላይ ፍሬን አይሆንም። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊሱ መንገድ ላይ አስቁሞ ጎማውንና መብራቱን ራሱ ያያል። የባለሰንደቁ አገር የምስክር ወረቀት ቦሎው ነው፤ የወደቡ ተቆጣጣሪ ትራፊኩ ነው። ልዩነቱ እዚህ ትራፊኩ የሌላ አገር ሰው መሆኑ ላይ ነው።

3. ፓሪስ፣ 1982

የሰሜን ባሕር አገሮች አሞኮ ካዲዝ በተሰበረችበት በዚያው ወር ሄግ ላይ አንድ የመግባቢያ ሰነድ ፈርመው ነበር። ሰነዱ የሚያወራው በዋናነት ስለ መርከበኞች የሥራ ሁኔታ ነው። አደጋው ሲደርስ ጠባብ ሆኖ ታየ። ድርድሩ ሰፍቶ፣ በጃንዋሪ 1982 ፓሪስ ላይ 14 አገሮች አዲስ ሰነድ ፈረሙ፤ በጁላይ 1 ሥራ ጀመረ። የፓሪስ የመግባቢያ ሰነድ የሚባለው ይህ ነው፤ የዛሬው የወደብ ፍተሻ ሁሉ አባት።

አዲስ ሕግ አልጻፈም። በሥራ ላይ ያሉትን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ወስዶ «እኛ ወደብ የገባ ሁሉ በእነዚህ ይለካል» አለ። ስምምነቱን ያልፈረመ አገር ሰንደቅ የያዘች መርከብም የተሻለ መስተንግዶ አታገኝም። እያንዳንዱ አባል አገር በዓመት ከሚገቡት መርከቦች ሩቡን እንዲፈትሽ ኮታ ተጣለበት። የፍተሻው ውጤት በጋራ መዝገብ ይገባል፤ ሮተርዳም ላይ የተያዘ ጉድለት ማርሴይ ላይ ይታወቃል። የቴሌክስና የኮምፒውተር ዘመን ባይደርስ ኖሮ ይህ ተቋም ሊቆም የሚችል አይመስለኝም፤ ፍተሻ ጥርስ የሚያወጣው አንዱ ወደብ ያየውን ሌላው ሲያውቅ ነው።

ከፓሪስ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ። ላቲን አሜሪካ በ1992፣ እስያና ፓስፊክ በቶኪዮ በ1993፣ ካሪቢያን በ1996፣ ሜዲትራኒያን በ1997፣ የህንድ ውቅያኖስ አገሮች በጁን 1998 በፕሪቶሪያ፣ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ በአቡጃ በ1999፣ ጥቁር ባሕር በ2000፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሪያድ በ2004። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ለብቻው ነው። የህንድ ውቅያኖሱ ጽሕፈት ቤት ህንድ ጎዋ ሲሆን ከአባላቱ መካከል ሱዳን፣ ኤርትራ፣ የመንና ኬንያ ይገኛሉ። ለእኛ ቅርብ የሚሆነው እሱ ነው።

የፓሪሱ ሰነድ በሂደት ኮታውን ትቶ ወደ ስጋት ስሌት ዞሯል። ከ2011 ጀምሮ የመርከቧ ዕድሜ፣ ዓይነት፣ የባለቤቷ ታሪክ፣ የሰንደቋ ስም ተደምሮ መቼ እንደምትፈተሽ ይወሰናል። ሰንደቆች የሦስት ዓመት ውጤታቸው እየተያዘ በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር መዝገብ ይሰለፋሉ። ጥቁር መዝገብ የገባ አገር መርከቦቹ ቶሎ ቶሎ ይፈተሻሉ፤ ደጋግመው ከታገዱም ከክልሉ ወደቦች ይባረራሉ። ከዚህ ለውጥ በፊት፣ የኮታው ፍተሻ እየተሠራ ሳለ፣ በዲሴምበር 1999 ኤሪካ የተባለች የማልታ ሰንደቅ ነዳጅ ጫኝ እዚያው ብሪታኒ ፊት ለፊት ለሁለት ተሰብራለች። የምስክር ወረቀቷ አልጎደለም ነበር።

4. አንድ ፍተሻ እንዴት ይሄዳል

ተቆጣጣሪው አብዛኛውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ብዙዎቹ ራሳቸው ካፒቴን ወይም ዋና መሐንዲስ የነበሩ ናቸው። ሥራው የሚጀምረው መሰላሉን ሳይወጣ ነው፤ ከመድረኩ ቆሞ የጭነት መስመሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደሆነ፣ ጎኗ ዝጎ እንደሆነ፣ ገመዶቹ ተቦጫጭቀው እንደሆነ ያያል። መሰላሉ ራሱ ቢላላ የመጀመሪያው ጉድለት ተጻፈ ማለት ነው።

ከካፒቴኑ ጽሕፈት ቤት ሰነድ ይጠይቃል፦ የምዝገባ፣ የጭነት መስመር፣ የዘይት ብክለት መከላከያ፣ የዝቅተኛ ሠራተኛ ቁጥር ምስክር ወረቀት፤ የእያንዳንዱ መኮንን የብቃት ማረጋገጫ። ሰነዱ ከተሟላ፣ ዞር ዞር ብሎ ያየው ነገርም ካላስጠረጠረው፣ ፎርሙን ፈርሞ ይወርዳል። ካስጠረጠረው ሌላ ነገር ይጀመራል። የአደጋ ጊዜ የእሳት ፓምፕ አስነሡልኝ ይላል። የነፍስ አድን ጀልባዋን አውርዱ ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቀለም ሲቀባባት የኖረች ጀልባ መንጠቆዋ ደርቆ አልፈታ የምትለው እዚህ ላይ ነው። መርከብ ለቆ የመውጣት ልምምድ ያዝዛል፤ ደወሉ ሲደወል መርከበኛው የት መቆም እንዳለበት ያላወቀ እንደሆነ ከወረቀቱ ሁሉ በላይ ይናገራል።

የብክለቱ ፍተሻ የሚደረገው ታች፣ ሞተር ክፍል ነው። መርከብ ከሞተሯ የሚንጠባጠብ ዘይትና ውሃ ድብልቅ በሆዷ ይጠራቀማል። ሕጉ፣ በ1973 ተፈርሞ በ1978 ተሻሽሎ ከ1983 የጸናው ማርፖል የሚባለው ስምምነት፣ ያንን ውሃ በማጣሪያ አሳልፋ ከሚሊዮን 15 እጅ ያልበለጠ ዘይት ሲቀርበት ብቻ ወደ ባሕር እንድትለቅ ይፈቅዳል። የቀረውን ለወደብ ታስረክባለች። ማስረከብ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ አንዳንድ መሐንዲሶች ማጣሪያውን ዘሎ የሚያልፍ ቧንቧ በድብቅ ይገጥማሉ፤ መርከበኞቹ «አስማተኛው ቧንቧ» ይሉታል። ተቆጣጣሪው የዘይት መዝገቡን ከታንኩ ልክ ጋር ያመሳክራል፣ የቧንቧ ማጠፊያ ብሎኖች ላይ አዲስ ቀለም ወይም የቁልፍ ጭረት ይፈልጋል። ያለ ምክንያት አዲስ የተቀባ ቧንቧ ከዛገ ቧንቧ ይልቅ ያስጠረጥራል።

የሚፈተሸው ነገር ዓመት ባለፈ ቁጥር እየበዛ ሄዷል። ከ2013 ጀምሮ የመርከበኛ የሥራ ሁኔታ ገብቷል፤ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10 ሰዓት እረፍት፣ የምግብ ማቀዝቀዣው፣ ደመወዝ በወቅቱ መከፈሉ። ከ2017 ጀምሮ የሚዛን ውሃ ተጨምሯል። መርከብ ጭነት ስታራግፍ ሚዛኗን ለመጠበቅ የባሕር ውሃ ትሞላለች፣ ሌላ ወደብ ሄዳ ትደፋዋለች፤ ከውሃው ጋር ዘርና እንቁላል ይጓዛል። እምቦጭ ጣና የገባው በመርከብ አይደለም፤ ነገር ግን የደምቢያ ገበሬ ከ2011 ወዲህ በእጁ እየነቀለ ያየው ነገር፣ ባዕድ ተክል አዲስ ውሃ ላይ ሲያርፍ የሚያደርገው ነገር፣ የባሕሩን ሰዎች ወደዚህ ሕግ ያደረሳቸው ፍርሃት ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የነዳጁ ሰልፈር ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ወርዷል፤ ተቆጣጣሪው ናሙና ይቀዳል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ጉድለት የቁጥር ኮድ ይሰጠዋል። 10 ማለት ተስተካክሏል፣ 17 ከመነሳትሽ በፊት አስተካክዪ፣ 30 ደግሞ ታግደሻል ነው። የታገደች መርከብ የወደብ ኪራይዋን ራሷ ትከፍላለች፣ ጭነቷ ይዘገያል፣ ስሟ በድረ ገጽ ይለጠፋል። 30 ቁጥር የማያስፈራው ባለመርከብ የለም። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ ወደቦች ቁጥሩ ለሲጋራ ካርቶን ሲለወጥ መርከበኞች ያወራሉ። ተቋሙ ይህን ደዌ ገና አላከመም።

5. የእኛ ወገን፦ የሚፈተሽ እንጂ የማይፈትሽ

ኢትዮጵያ በ1952 ኤርትራን በፌዴሬሽን ስትቀበል ምፅዋና አሰብን አብራ አገኘች። በቀጣዩ ዓመት የማሪታይም አዋጅ ቁጥር 137/1953፣ ቀጥሎም በ1960 የባሕር ሕግ ወጣ፤ መርከብ መመዝገብም ሕጋዊ መሠረት አገኘ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1964 ተቋቋመ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ጀመረ። በ1975 አገሪቱ የአይኤምኦ አባል ሆነች። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ባለሰንደቅም ባለወደብም ነበረች፤ የሌላውን መርከብ የማየት መብትም ነበራት። የሚገርመው የወደብ ፍተሻ ሥርዓት በዓለም ላይ አብቦ ወደ ህንድ ውቅያኖስ በደረሰበት ዓመት እኛ ከባሕሩ ወጥተን ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃ ወጣች፤ በሜይ 1998 ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋች። የፕሪቶሪያው ሰነድ የተፈረመው ከጦርነቱ አንድ ወር ሳይሞላ ነው።

የቀረልን ሰንደቁ ነው። የባሕር በር የሌለው አገር መርከብ ማሠማራት እንደሚችል በ1921 የባርሴሎና መግለጫ፣ ኋላም በ1982 የባሕር ሕግ ስምምነት ተረጋግጧል። ስለዚህ ጅግጅጋ፣ ሐረር፣ ጋምቤላ፣ ጊቤ የሚባሉ መርከቦች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰቅለው ወደ ህንድ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤውና ወደ ቻይና ሲመላለሱ ኖረዋል። እዚያ ሁሉ የሌላ አገር ተቆጣጣሪ መሰላላቸውን ይወጣል፤ ኢትዮጵያዊ ተቆጣጣሪ ግን በአጸፋው የህንድን ወይም የቻይናን መርከብ የሚወጣበት መሰላል የለም። ሕጉ ላይ እኩል ነን፤ የምንገናኝበት መድረክ ግን ሁልጊዜ የእነሱ ነው። ስለ ባሕር በር ሲወራ ስለ ኪራይና ስለ ክብር ብዙ ይባላል፣ ይህ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ የተነሳ የአገር ውስጡ ተቋም ያደገው ከባለሰንደቅነት ሥራ በኩል ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 549 የኢትዮጵያ ማሪታይም ጉዳይ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይባላል። መርከብ ይመዘግባል፣ ለመርከበኛ የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ንግዱ ለብቻው ተለይቷል። በ2011 ንግድ መርከብ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎት ድርጅትና የደረቅ ወደቡ ድርጅት ተዋህደው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነዋል። ተቆጣጣሪውና ባለመርከቡ ሁለቱም የመንግሥት መሆናቸው ጥያቄ ያስነሳል። ዳኛውና ተዳኙ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ የውጭው ተቆጣጣሪ የሚሠራው ሥራ እንዲያውም ለእኛው ይጠቅማል፤ እሱ ይሉኝታ የለበትም። ከ2016 ጀምሮ አይኤምኦ አባል አገሮችንም በግዴታ ኦዲት ያደርጋል፣ ስለዚህ ባለሥልጣኑም ራሱ ይፈተሻል።

ሞጆና ወረታ ያሉት ደረቅ ወደቦች በስም ወደብ ናቸው። እዚያ የሚደረገው ግን የጉምሩክ ፍተሻ ነው፤ ኮንቴይነር ይከፈታል፣ ዕቃ ይቆጠራል፣ ቀረጥ ይከፈላል። ወደ ኬላው ተመልሰናል።

6. ጅቡቲ ላይ የሚንጠባጠበው

የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ጭነት ከመቶ ዘጠና በላዩ በጅቡቲ ያልፋል። የአዲ አርቃይ ገበሬ በኅብረት ሥራ መጋዘን ተሰልፎ የሚቀበለው ማዳበሪያ፣ በጅምላ መርከብ ተጭኖ እዚያ ወደብ ላይ ተራግፎ፣ በጆንያ ተሞልቶ በከባድ መኪና የመጣ ነው። ከቆላው የሚወጣው ሰሊጥም ወደ ባሕር የሚሄደው በዚያው በር ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ የሚደረግ ፍተሻ በሰው አገር የሚደረግ የእኛ ፍተሻ ነው።

በጃንዋሪ 2002 የሆነውን ጥቂት ሰው ያስታውሳል። የእንጨት ምሰሶን ከምስጥ ለመጠበቅ የሚያገለግል፣ ክሮም፣ መዳብና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ኬሚካል ወደ 200 ቶን ገደማ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ሆኖ በኮንቴይነር ጅቡቲ ገባ። በርሜሎቹ አፈሰሱ። መርዙ በወደቡ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ በጽዳቱ ገባበት። መርከቧ ባትሰጥምም፣ ዘይት ባይፈስም ወደብ እንዴት እንደሚመረዝ ያሳየ ነው፤ አደገኛ ጭነት እንዴት እንደታሸገ የሚያየው የፍተሻ ክፍል ለምን እንዳስፈለገም ማስረዳት አያሻም። አርሴኒኩ የእኛ ነበር፣ የተመረዘው አፈር የእነሱ።

ቀይ ባሕር በ1973ቱ ስምምነት «ልዩ ክልል» ተብሎ ተሰይሞ ነበር፤ ጠባብ ነው፣ ውሃው በቀላሉ አይታደስም፣ ዛጎል ድንጋዩ ብዙ ነው። ስያሜው ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ከመርከብ ቆሻሻ ዘይት ተቀብሎ የሚያክም የወደብ ማጠራቀሚያ ዳርቻው ላይ ሳይሟላ፣ አትድፉ ማለት አይቻልም። ሙሉ ግዴታው የጸናው በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሩቢማር የተባለች የቤሊዝ ሰንደቅ መርከብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመትታ በማርች 2024 ደቡብ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰጠመች። ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ ጭና ነበር። ሚሳይልን የሚመለከት የፍተሻ ኮድ የለም።

7. ጣና እና የሞተር ክፍሉ ልጅ

የማሪታይም ባለሥልጣን በእጁ ነክቶ የሚፈትሸው ውሃ የአገር ውስጥ ሐይቆች ናቸው። ከጎርጎራ፣ ከባህር ዳርና ከደሴቶቹ የሚነሱ ጀልባዎች ሲታዩ የሚጠየቀው ጥያቄ ከትልቁ ባሕር አይለይም። ስንት ሰው ትይዛለች? የነፍስ አድን ጃኬቱ ለሁሉ ይበቃል? ሞተሯ ዘይት ታንጠባጥባለች? በ2025 ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ጣና ስትደርስ፣ የሐይቁ መርከብ ደረጃም ከፍ አለ፤ የሚፈትሻት ሰውም እንዲሁ ከፍ ማለት ይኖርበታል። በእንጨት ሞተር ጀልባ የለመደ ዓይን የእሳት ማጥፊያ ሥርዓትና የውሃ መከላከያ በር ለመመርመር ሌላ ትምህርት ይፈልጋል።

ትምህርቱ አለ። በባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛና በቢሾፍቱ ባቦጋያ ባለው አካዳሚ የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ምሩቃን ተጨማሪ ሥልጠና እየወሰዱ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሪክ መኮንን ይሆናሉ። ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ነው። ከጎንደር ደጋ የወጣ ወጣት ሮተርዳም ወይም ሲንጋፖር ላይ ሞተር ክፍል ቆሞ፣ ተቆጣጣሪው «ይህን ማጣሪያ አስነሳልኝ» ሲለው የሚያስነሳው እሱ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው የብቃት ወረቀት አዲስ አበባ የታተመ ነው። ወረቀቱ የሚያገለግለው አይኤምኦ የአገሪቱን የሥልጠና ሥርዓት ተቀብሎ እስከያዘ ድረስ ነው። በየአምስት ዓመቱም ይታደሳል፤ ለማደስ ወጣቱ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር፣ ወይም በመጨረሻው ስድስት ወር ውስጥ ሦስት ወር በባሕር ላይ ማገልገሉን፣ አለበለዚያም በፈተና ወይም በሥልጠና ብቃቱን እንደጠበቀ ማሳየት አለበት።